በጥቅምት አንድ አጽም

ኮንዶሚኒየማችን ሥር ካለችው ጀበና ቡና በርጩማ ስቤ ከመቀመጤ ሦስት ወጣቶች ከበቡኝ። አንዱ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሯል፤ ስለዚህ ዳይሬክተር ነው። ሁለተኛው ኪሱ ውስጥ ሁለት ሺህ ብር አለው፤ ስለዚህ ፕሮዲዩሰር ነው። ሦስተኛዋ ስክሪኑ ያልተሰነጠቀ ስልክ አላት፤ ካሜራማን ናት።

«ጋሼ፣ አስፈሪ ስክሪፕት እየፈለግን ነው» አለኝ ባለኮፍያው።

«የቤት ኪራይ ውሌን ላምጣልህ?»

«የምራችንን ነው እኮ።»

«እኔስ? አከራዬን ስላላየሃቸው ነው።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ፈረንጆች ሃሎዊን የሚሉት ቀን በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ላይ ይውላል። ለዚያ የሚደርስ የአማተሮች የአጭር ፊልም ውድድር አለ፤ ሐሳቡ አስፈሪ፣ ርዝመቱ ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ።

«እኛ ጥቅምትን የምናልፈው በአንድ አጥንት ነው» አልኳቸው።

«እነሱ ሙሉውን አጽም ነው የሚያወጡት» አለች ካሜራማኗ። ይቺ ልጅ የትም ትደርሳለች አልኩ በሆዴ።

ዳይሬክተሩ ከቦርሳው አንድ ጥራዝ አወጣ። አርባ ሁለት ገጽ። የሙያው ሰዎች አንድ የስክሪፕት ገጽ ስክሪን ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል ይላሉ።

«ይሄ አርባ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ቶሎ ቶሎ እናስወራቸዋለን።»

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ስክሪፕት ከመርዘሙ የተነሳ ሰውየው ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ አርባው ወጥቶ፣ ሙት ዓመቱ ደርሶ፣ መንፈሱ ገና ገጽ ሦስት ላይ ጫማውን እያሰረ ነው!»

ገለጥ አደረግኩት። ጫካ ውስጥ ብቻውን የቆመ አሮጌ ቤት ይላል።

«ካርታ አለው?»

«ምኑ?»

«ቤቱ። ጫካ ውስጥ ብቻውን የቆመ ቤት እኛ ዘንድ ሕገወጥ ግንባታ ነው። መንፈሱ ከመድረሱ በፊት ደንብ ማስከበር ይደርስበታል።»

«እሺ ኮንዶሚኒየም እናደርገዋለን።»

«ልጅቷ ሻማ ይዛ ምድር ቤት ትወርዳለች ይላል። ከአራተኛ ፎቅ ሻማ ይዛ ብትወርድ የምታገኘው የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቶቿን ነው። ‹እናንተም ጋ ጠፋ?› ብለው ይሸኟታል።»

«ኮሽታ ሰምታ ብቻዋን ስትወጣ…»

«እኛ ሰፈር ኮሽ ሲል ማን ብቻውን ይወጣል? ስድስት በር እኩል ነው የሚከፈተው። ምስኪኑ መንፈስ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማግባት አለማግባቱን ተጠይቆ ሳይጨርስ ይነጋበታል።»

ፕሮዲዩሰሩ የመጨረሻ ተስፋውን አወጣ። «ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ጭር ባለ መንገድ፣ ከራሷ እስከ እግሯ ነጭ የለበሰች፣ ፊቷን የሸፈነች ሴት ዝግ ብላ ስትመጣስ?»

«ኪዳን እየሄደች ነው። ‹ጸልዪልኝ› ብለህ ታልፋለህ።»

የጨረሰኝ ግን ልጅቷ መንፈሱን ስታይ የምትለው ነው። «ኦ አምላኬ! ይህ ሊሆን አይችልም!» ትላለች።

«ይቺ ልጅ የደነገጠችው በትርጉም ነው» አልኳቸው። «ሰው የሚደነግጠው በእናቱ ቋንቋ ነው። ‹በስመ አብ› ትበል፣ ‹ቢስሚላሂ› ትበል፣ ‹እናቴን!› ትበል። አለዚያ ዝም ትበል። ዝምታ ርካሽ ነው፣ ያስፈራልም፤ ለተዋናይቷም የሚጠና ቃል የለውም። ከየት ነው ያመጣችሁት ይሄን?»

«ከኢንተርኔት። በነጻ የተለቀቀ ነው፤ እኛ ተረጎምነው።»

«ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬ ሁሉ የመንገደኛ ነው?»

ዝም ተባባሉ። እዚህ ላይ ቡናዬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁባቸው፤ ነገሩ ቀልድ አይደለማ። ለንባብ የተለቀቀ ስክሪፕት ለመቀረጽ ተፈቀደ ማለት አይደለም። የእኛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ሥራውን ይጠብቅለታል። አሜሪካና አውሮፓ ደግሞ 70 ነው። መተርጎም ራሱ ፈቃድ ይጠይቃል።

«ማን ያውቅብናል ጋሼ?»

«ድራኩላም ይህንኑ ነበር ያለው!»

እንዲህ ሆነላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1922 ጀርመኖች የብራም ስቶከርን ድራኩላ ሳያስፈቅዱ ወሰዱት፤ የጌታውን ስም ለወጥ አድርገው «ኖስፌራቱ» ብለው ቀረጹት። ዳይሬክተሩ ሙርናው ነው። ደራሲው ከሞተ አሥር ዓመት ሆኖታል፤ ማን ይጠይቀናል ብለው ነው። ሚስቱ ጠየቀች! ክስ መሠረተች፤ ድርጅቱ ከሠረ፤ ፍርድ ቤቱም የፊልሙ ቅጂ ሁሉ ይውደም ብሎ ወሰነ። መንደር ሙሉ ሰው በነጭ ሽንኩርትና በመስቀል ያልቻለውን ቫምፓየር፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በማመልከቻ አንበረከከችው። ከተደበቁ ቅጂዎች ተርፎ ነው ዛሬ የምናየው።

«እና ነጻ የሚባል ነገር የለም?» አለ ፕሮዲዩሰሩ፤ እጁ ኪሱ ላይ ነው።

«ሞልቷል። ኤድጋር አለን ፖ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1849 ነው፤ ስቶከር ራሱ በ1912። እነሱን እንደፈለግህ አድርጋቸው። ብቻ የአማርኛውን ትርጉም ከመደብር ገዝተህ ከቀዳህ፣ ተርጓሚው አልሞተም፤ ምናልባት ከኋላህ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው።»

ዞር ብሎ አየ። ከኋላው የነበረው የታክሲ ተራ አስከባሪ ነው።

«በሕይወት ያለውን ጸሐፊ ከወደዳችሁት ደግሞ ጻፉለት። ‹ሥራህን ወደድነው፤ ለውድድር ነው፤ ስምህን እናሰፍራለን፤ ሲያልቅ ቅጂውን እንልክልሃለን› በሉት። መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ስንትና ስንት ጀማሪ ጸሐፊ መሳቢያው ውስጥ የሦስት ገጽ ታሪክ አስቀምጦ የሚጠይቀው ያጣ አለ! ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ተማሪዎች ጋ ሂዱ፤ ማስታወቂያ ለጥፉ።»

«ክፍያ ቢጠይቁን?»

«ክፈላቸዋ።»

«ስማቸውን በትልቁ እንጽፍላቸዋለን።»

«በትልቁ የተጻፈ ስም ግማሽ ሽሮ አይገዛም፤ እነ እትዬ ሽሮ ቤት ሂድና ስምህን ጽፈህ ሞክረው።»

ዳይሬክተሩ ተበሳጨ። «በሦስት ደቂቃ ግን ምን ይሠራል?»

«አንድ ማብሪያ ማጥፊያ» አልኩት። ዴቪድ ሳንድበርግ የሚባል ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ2013 ልክ እንደነሱ ለአስፈሪ አጭር ፊልም ውድድር «ላይትስ አውት»ን ሠራ። የገዛ አፓርታማው፣ የገዛ ሚስቱ፣ ከሦስት ደቂቃ ያነሰ። ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ መብራት ስታጠፋ ጥግ ላይ የሰው ጥላ ይቆማል፤ ስታበራ የለም። ስታጠፋ አለ፤ ስታበራ የለም። አንድ ቃል አልተተነፈሰም። የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማቱን ወሰደ፤ ፊልሙ ዓለምን ዞረ፤ በ2016 ሆሊውድ ወስዶ ረጅም ፊልም አሠራው።

«ጋሼ፣ እሱማ ስዊድን ስለሆነ ነው» አለች ካሜራማኗ። «እኛ ጋ ማብሪያ ማጥፊያው በእጃችን አይደለም። ጭራቁ ሰፈራችን ተራው እስኪደርሰው ሊጠብቅ ነው።»

ይኸው፣ ተረብ ስትማር አየኋት።

ኦረን ፔሊም ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ውስጥ በገዛ ቤቱ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን ሲሠራ ያወጣው 15,000 ዶላር ገደማ ነው አልኳቸው። የሌሊቱ ክፍል የሚቀረጸው መኝታ ቤቱ ጥግ ላይ ከቆመ ካሜራ ነው፤ ፍቅረኛሞቹ ተኝተዋል፣ በሩ ራሱን ያንቀሳቅሳል።

ፕሮዲዩሰሩ ስልኩን አውጥቶ ወደ ብር መነዘረው። ፊቱ ገረጣ። ከፊልሙ በላይ ያስፈራው ይሄ ነው።

«እናቴ ደግሞ የሰይጣን ሥራ ነው ትላለች» አለ፣ መውጫ ሲያጣ።

«እናትህ አዲስ ነገር አላሉም። አዲስ አበባ የመጀመሪያ ሲኒማ ቤቷን ‹ሰይጣን ቤት› ብላ ነው የጠራችው፤ ፒያሳ የሚያውቅ ሽማግሌ ጠይቅ። ያኔ ማን አስፈሪ ፊልም አሳያቸው? ግድግዳ ላይ ሥዕል ሲንቀሳቀስ ማየት በቂ ነበር። እናንተ አርባ ሁለት ገጽ ይዛችሁ አንድ ሰው አላስፈራችሁም!»

«የአገራችንን ይሁን ካሉ ጅብ እንሥራ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሐረር ላይ ጅብ ማታ ማታ ከሰው እጅ ሥጋ ይጎርሳል፤ ቱሪስት ያነሳዋል። ከእናንተ የበለጠ የካሜራ ልምድ አለው፤ ዋጋውን አትችሉትም።»

«ዛርስ?»

«ዛር ሽቶ ይጠይቃል፣ ቀለበት ይጠይቃል፣ ቡናውም እንደ ፈቃዱ ነው። በሁለት ሺህ ብር የሚወርድ ዛር አላውቅም።»

«ቡዳ!»

«እሱን ተወው።» ይህችን ያለ ተረብ ነው የመለስኩለት። ሸክላ ሠሪውን፣ ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው» እያለ ሰው ከጋብቻና ከማዕድ ሲያገል ኖሯል፤ ቤተ እስራኤሎች በዚሁ ስም ስንት ተንገላተዋል። የሚያስፈራው ተጠርጣሪው ሳይሆን ጠርጣሪው ጎረቤት ነበር። «ያንን በደንብ የሚሠራ ካለ በሦስት ደቂቃ አይበቃውም። ለማስደንገጫ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ደቂቃም ይበዛበታል።»

ዳይሬክተሩ ኮፍያውን ወደ ፊት መለሰ። ደንግጦ ነው መሰለኝ፣ ከዳይሬክተርነት ለጊዜው ወረደ።

ካሜራማኗ ስልኳን ዘረጋችልኝ። ለሙከራ የቀረጹት ነው። ደብዛዛ ኮሪደር። በር ቀስ እያለ ይከፈታል። ጸጥ። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ከውጭ፦ «ቆራሌውውው!»

«ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ነው» አለ ዳይሬክተሩ። «ጸጥ ስንል እሱ ይመጣል። አንዴ ቆራሌው፣ አንዴ የታክሲ ረዳት፣ አንዴ ሽንኩርት በድምፅ ማጉያ። በዚህ ከተማ መንፈስ ቢመጣ ድምፁ የሚሰማ መሰለዎት?»

«እናጠፋዋለን ድምፁን» አለ ፕሮዲዩሰሩ።

ልጅቷ አልመለሰችለትም። የጀበናዋን እንፋሎት እያየች ነበር። «ቀን ስለሆነ እኮ ነው የማያስፈራው» አለች። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ‹ቆራሌው› ቢልስ?»

ቡና አፍዪዋ ሲኒ እንደያዘች ቆመች።

«ቀጥይ» አልኳት።

«አያቷ ሞተዋል። ወንበራቸውን ቀን ላይ ለቆራሌው ሸጣለች። ሌሊት ተኝታ ድምፁን ትሰማዋለች። መጀመሪያ ከሩቅ። ቀጥሎ ከግቢው በር። ከዚያ ከደረጃው። ስልኳን ታያለች፣ ዘጠኝ ሰዓት። በሯ ይንኳኳል። ‹ማነው?›ም አትልም። እሱ ራሱ ከውጭ ቀስ ብሎ ይላታል፣ ‹እህቴ፣ ወንበሩን መልሻለሁ። ሰውየው አልነሳም አሉኝ።›»

ማንም አልሳቀም። ተራ አስከባሪው እንኳ ዞሮ አያት።

«አንድ ቤት፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ድምፅ» ብዬ ቆጠርኩላቸው። «ገጹ ስንት ይሆናል?»

«ሁለት ተኩል» አለች።

«ጻፊዋ። ስምሽንም በትልቁ ጻፊ፤ ገንዘቡን ግን ከፕሮዲዩሰሩ ተቀበይ።»

«የቡናውን ሂሳብ እኔ እችላለሁ» አለ ፕሮዲዩሰሩ። ለአማርኛ ፊልም ከወጡት ወጪዎች ሁሉ በዓይኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ሳምንት አለፈ። ማታ ስልኬ ጠራ፤ እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ቆራሌውን አገኘነው፤ እውነተኛውን። እሠራለሁ ብሏል። ግን ወንበሩ እውነት የሞተ ሰው ከሆነ አልነካም አለ።»

«እውነት አለው። የማንን ወንበር አገኛችሁ?»

ዝም አለች። ከጀርባዋ ሳቅ የሚያፍን ሰው ይሰማኛል።

«ጋሼ… የእርስዎ ነው። አከራይዎ ናቸው በርካሽ የሰጡን። ‹በዚህ ወር ይለቃል፣ ውሰዱት› አሉን።»

«ለቆራሌው ንገሪልኝ፤ ለአከራዬም ጭምር» አልኳት። «ሰውየው አልነሳም ብሏል!»