ጋዝ ብቻ ነው የምትፈልገው

መኪናዬ ኤሲ አላት። ስገዛትም ነበራት። የጎደላት ቅዝቃዜ ብቻ ነው።

ያሻሻጠኝ ደላላ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈውን አቧራ የጠገበ ብረት እንደ ፈረስ ቸብ ቸብ አደረገና «ኮምፕረሰሯ ኦሪጅናል ነው፤ ጋዝ ብቻ ነው የምትፈልገው» አለኝ። አሮጌ መኪና ገዛሁ የሚል ሰው ይህችን ቃል ካልሰማ ገና አልገዛም። እኔም ቃሉን ተረክቤ አምስት ዓመት ሙሉ ሰበክሁበት። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። መቂን አልፈን ባቱ ስንደርስ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከሽሮ ድስት የወጣ ይመስላል። «ኤሲ የላትም እንዴ?» ሲሉኝ «አላት፣ ጋዝ ብቻ ነው የምትፈልገው» እላለሁ። አንድ ቀን አማቴ ነጠላቸውን ከአንገታቸው ላይ አላቀቁና «ልጄ» አሉኝ፣ «ሬሳም እኮ ነፍስ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ባለፈው ሰሞን ሬሳዋ ጮኸች።

ማለዳ ነው። ቁልፍ ስጠመዝዝ ከኮፈኑ ሥር የወጣው ሲቃ የሐዋሳ ሰፈራችንን ቡሹሎን ቀሰቀሰ። አባ ኮዳዎቹ ከዛፋቸው ተነሱ። ጉማሬ ነው ብዬ እንዳላመካኝ ጉማሬ ሣር ፍለጋ የሚወጣው በሌሊት ነው፤ ይህን ሐይቅ ዳር ያደገ ሕፃን ያውቃል። ጎረቤቴ አንገቱን በአጥሩ አሰገገና «በግ እያረድክ ነው?» አለኝ። «አይደለም፤ የቅዳሜ ማታ ዘፈንህን እያጠናች ነው» አልኩት። አንገቱን ሰበሰበ።

እየጮኽን ጋራዥ ደረስን። አለቃው ከሩቅ ሰምቶን ኖሮ በሩን ከፍቶ ጠበቀን። «ዳኤ ቡሹ!» አለኝ በሲዳምኛ፣ እንኳን ደህና መጡ ሲል። «ቡሹስ ደህና ነው፣ የሞተው ኩሽኔታው ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ሳቁ ዋጋ የሚጨምር ዓይነት ሳቅ ስለሆነ ወዲያው ደነገጥኩ። ረጅም ካቻቢቴ አነሳ። ጫፉን ኮምፕረሰሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ እንዲህ አይጠነቀቅም።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ልቀቁኝ ይላል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሲውን ብታጠፋም ፑሌጃው አይጠፋም። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ቺንጋው ያዞረዋል። ኤሲው ሲበራ ማግኔቱ ፊት ለፊት ያለውን ፍሪሲዮን ይስበዋል፤ ኮምፕረሰሩ ከነሆዱ የሚዞረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የእኔው ታዲያ አምስት ዓመት ሙሉ ፊቱን ብቻ ሲያዞር ነው የኖረው። እንዲህ ያለ ሰው በየቢሮው አለ፤ ወንበሩ ይሽከረከራል፣ ፋይሉ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ቢሆንም ወንበርም ያልቃል። የፑሌጃው ኩሽኔታ አልቆ ነው የሚጮኸው።

ተወው እንዳልል፣ በእኔዋ ሞተር ላይ ያለው ቺንጋ አንድ ለእናቱ ነው። ውሃ ፓምፑም ዲናሞውም የሚዞሩት በእሱ ነው። ኩሽኔታው የነከሰ ቀን ቺንጋው ይቃጠላል፣ ወይ ይበጠሳል። ባትሪው አይሞላም፣ ውሃው አይዞርም፣ ሞተሩ ይግላል፣ ከዚያ ጓርኒሲዮን በላ ነው። አንድ ሥራ ፈት ሦስት ሠራተኛ ይዞ ገደል ይገባል።

«ኩሽኔታው ብቻውን ከተገኘ እንቀይረዋለን» አለ አለቃው። «ካልተገኘ ሌላ ያገለገለ ኮምፕረሰር እናፈላልጋለን።»

«እሱስ ይሠራል?»

«ጋሼ ሙት! ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«አውልቀው!» አልኩት።

ኮፈን የተከፈተበት ቦታና ሠርግ ያለበት ቤት ጠሪ አያስፈልገውም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ባጃጅ፣ አንድ ዓሣ ይዞ የሚሄድ ልጅና ስሙን የማናውቀው መካሪ ከበቡን። መካሪው መጀመሪያ «ቤንዚን ልትቆጥብ ነዋ!» አለ። ሊትሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ሰው ሁሉ የቤንዚን ሊቅ ሆኗል። ኮምፕረሰር ቤንዚን የሚበላው ሲሠራ ነው፤ ያኔ ከሞተሩ ጉልበት ይቀማል፣ ትንሽ ሞተር ከሆነች ዳገት ላይ ታስታውቃለች። የጠፋ ኤሲ ግን ሳሎን ተቀምጦ ምሳ የማይበላ እንግዳ ነው። ብታስወጣው ወንበር ይለቅልሃል እንጂ እንጀራ አይተርፍህም።

«ክብደቱስ?» አለ መካሪው፣ አልሸነፍ ብሎ።

«አምስት ስድስት ኪሎ ቢሆን ነው።»

«ቀላል ነው?»

«እሱንማ እኔ በአንድ ፋሲካ ጨምሬዋለሁ። እኔንም ላውልቅ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገርና ይዋጣልኝ። «አውልቀው» የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ሲወጣ ራሴን ታዘብኩት፤ ምክንያቱም የጋራዦቻችንን የማውለቅ አመል ስረግም የኖርኩ ሰው ነኝ። መኪና ሞቀች ከተባለ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ይጣላል። ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ ሙቀቱ ላይ እስኪደርስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው። እሱ ከወጣ ሞተሩ ለመሞቅ ግማሽ መንገድ ይፈጅበታል፤ በዚያ ላይ እንደ ብርዳም ሰው ሲጠጣ ይውላል፣ የሚጠጣው ደግሞ ቤንዚን ነው። ራዲያተሩ ተደፍኖ ሳለ ቴርሞስታቱን ማውጣት፣ ጣራው ስላፈሰሰ በሩን ነቅሎ እንደመጣል ነው። የእኔው ማውለቅ ግን ሌላ ነው አልኩ ለራሴ። የሞተን መቅበር ነው። አለቃው ሐሳቤን ያነበበ ይመስል ግድግዳው ሥር የተከመረውን የቴርሞስታት ክምር በእግሩ ገፋ አደረገው።

ለማጁ ቁልፍ ይዞ ቱቦው ላይ ሊወጣ ሲል «ቆይ!» ብዬ ጮኽኩ። ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ጋዝ መኖር አለመኖሩ ይታያል። የእኔዋ ዓይነት መኪና ጋዝ አር 134ኤ ነው፤ ወደ አየር ከለቀቁት ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ በላይ ይከፋል። ከእሱ በፊት የነበረው አር 12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚበላ ነው እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት እንዲወገድ ያደረገው። ጋዝ ያለው ሰው በማሽን አስመጥጦ ነው የሚያስወልቀው። ፈሳሹ ደግሞ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ስለሆነ እጅ ላይ ከተረጨ ቆዳ ያደርቃል፤ በሐዋሳ ፀሐይ በረዶ የመታው የመጀመሪያው ለማጅ እንዲሆን አልፈለግሁም። አለቃው የመሙያውን ክዳን ከፍቶ ቫልቩን በቀጭን ካቻቢቴ ጫን አደረገው። ሁላችንም ጆሯችንን አቀረብን።

ጭጭ። እስትንፋስ የለም።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ። «ደላላው አልዋሸዎትም። በእውነትም ጋዝ ትፈልግ ነበር።»

የባትሪው ነጌቲቭ ተነቀለ፣ የዲናሞው መወጠሪያ ላላ፣ ቺንጋው ወረደ፣ የማግኔቱ ሶኬት ወጣ። ቱቦዎቹ ሲፈቱ አፋቸው ወዲያው በላስቲክ ታሰረ፤ አቧራና እርጥበት ከገባ፣ ነገ ገንዘብ አግኝቶ ኤሲውን ላስመልስ የሚል ሰው አፈር ነው የሚያስመልሰው። ከአራቱ ቡሎኖች ሦስቱ በእሺታ ወጡ። አራተኛው የታችኛው ዝጎ ኖሮ ናፍጣ ጠጣ፣ መዶሻ ቀመሰ፣ ስድብ ሰማ። ለማጁ ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ቡሹሎን አገር የሚያውቃት በሚሽኑ ጤና ጣቢያ ነው፤ ስንት እናት ከስንት ቦታ መጥታ በሰላም ተገላግላበታለች። የእኔዋ ደግሞ ከጋራዡ ጭቃ ላይ ምጥ ይዟታል።

ቡሎኑ ቀጭ አለ። ብረቱ ለማጁ ደረት ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ወንድ ነው!» አለ ከሥር።

ማዶ ጀበና የጣደችው ልጅ እልልታውን አቀለጠችው። «ገንፎ ላገንፋ እንዴ?» አለች። «ማንን ይመስላል?»

«አባቱን» አለ አለቃው ወደ እኔ እያየ። «ሥራ አይወድም።»

ተረብ እንዲህ ሲመጣ ባርኔጣ አውልቆ መቀበል ነው። ሒሳብ ስንተሳሰብ ግን አልረሳሁትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሲባጎ ነው። ኮምፕረሰሩ ሲወጣ አሮጌው ቺንጋ እንደ ከሳ ሰው ቀበቶ ረዝሞ ቀረ። በአጭር መተካት አለበት፤ ግን ስንት? ለማጁ ሲባጎ አመጣና በክራንኩ፣ በውሃ ፓምፑና በዲናሞው ፑሌጃዎች ዙሪያ ጠመጠመው። ሊለካ ሲል አለቃው እጁን ያዘው። ጣቱን ፓምፑ ላይ አድርጎ «ይሄ በየት በኩል ነው የሚዞረው?» አለ። ልጁ ዝም። በቀድሞው አካሄድ ፓምፑን የሚያዞረው የቺንጋው ለስላሳ ጀርባ ነበር፤ ልጁ ግን ሲባጎውን በሌላው ጎን አሳልፎታል። እንዲያ ቢገጠም ፓምፑ ወደኋላ ይዞራል። ቺንጋው ልክ ነው፣ ድምፅ የለም፣ ሁሉም አማን ይመስላል፤ መኪናዋ ግን ገና ሩቅ ሳትሄድ ትፈላለች። ሲባጎው ተፈትቶ እንደገና ተጠመጠመ፣ ፓምፑን በጀርባው ደህና አድርጎ አቀፈ፣ በእስክሪብቶ ምልክት ተደረገበት።

ሲባጎዬን ይዤ መለዋወጫ ቤት ሄድኩ። ቺንጋው ላይ ያለው ጽሑፍ እንቆቅልሽ አይደለም፤ 4ፒኬ ብሎ ቁጥር ካስከተለ፣ 4 የመስመሮቹ ብዛት ነው፣ መጨረሻ ያለው ቁጥር ርዝመቱ በሚሊ ሜትር ነው። ባለሱቁ ግን ደንቡን አይለቅም።

«የምን መኪና?»

«የሲባጎ።»

«ሞዴሉ?»

«ባለ አራት መስመር፣ የዛሬ።»

ተቆጥቶም ቢሆን ለካልኝ። ዲናሞው ሲወጠር ቺንጋው ልክ ገባ። ሞተሩ ተነሳ። ዝም አለ። ለአምስት ዓመት ስሰማ የኖርኩት ሹክሹክታ ሁሉ የዚያ ሥራ ፈት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

አንዱ የባጃጅ ሹፌር አላስችል አለው። «ኤሲን በቁልፍ ፈትቶ የሚያጠፋ ሰው ዛሬ አየሁ!» አለ።

«አልተማርክማ» አልኩት። «እ.ኤ.አ. በ1940 የአሜሪካው ፓካርድ ኤሲ የተገጠመላት መኪና ከፋብሪካ ሲያወጣ፣ ኮምፕረሰሩ ፍሪሲዮን አልነበረውም። ቅዝቃዜው የበዛበት ሀብታም መኪናውን አቁሞ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ ቺንጋውን በእጁ ነበር የሚያወልቀው። እኔ 1940 ደርሻለሁ። ያንተ ኤሲ ግን በር ማጣት ነው።»

«በር ባይኖረኝም ተሳፋሪዬ አያልበውም!»

እውነቱን ነው። ለዚህች መልስ አላገኘሁላትም፤ እስካሁን እየፈለግሁ ነው።

ማታ ቤት ስገባ ጎረቤቴ እንደገና አጥሩ ላይ ነው። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እሱ ኤሌክትሪክ ገዛ፤ የእኔ ዓይነቷ አሮጊት ደግሞ ጡረታ ቀርቶባት ሹመት አገኘች። «የእኔዋ ቺንጋ የሚባል ነገር የላትም» አለኝ። «ሙቀቱን እንዴት ልትችለው ነው?»

«ሐዋሳ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ መስኮት ከፍቶ ሐይቁን ማመስገን ነው። ሰመራ ብሆን ኮምፕረሰሩን አቅፌው እተኛ ነበር። ደግሞ ያንተዋም ኮምፕረሰር አላት፤ የሚዞረው በባትሪ ነው፣ በብዙዎቹ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘውም እሱ ነው። የእኔው ሲወልቅ የማልበው እኔ ነኝ። ያንተው ቢወልቅ የምታልበው መኪናዋ ናት።»

በዚህ መሃል መብራት ሄደ። መኪናውን ሊሰካ ገመድ ይዞ ነበር የቆመው። ምንም አልተናገርኩም፤ አንዳንዴ ተረቡን መብራት ኃይል ይጨርስልሃል።

በሳምንቱ ያ ደላላ ደወለ። መኪናዋን የሚፈልግ ሰው አግኝቷል። ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ኤሲ የላትም፣ ኮምፕረሰሩ ወልቋል፣ ኩሽና ጥግ ተቀምጦ ድመት ተኝታበታለች አልኩት። ትንሽ ዝም አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ችግር የለም ጋሼ፣ ኤሲ አላት እንለዋለን» አለኝ። «ኮምፕረሰር ብቻ ነው የምትፈልገው።»