መኪናው አያፈስም፤ የሚያፈሱት እርስዎ ነዎት

ከተሳፋሪ ወሬ ጠብ የሚል ነገር የለም ያለ ሰው፣ በጥር ማለዳ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚኒባስ ሄዶ አያውቅም። ከመስኮቱ ፍሬም አንገት ላይ ጠብ ይላል፤ ያውም ቀዝቃዛ።

«ረዳት! ይሄ ቆርቆሮህ ያፈስሳል እኮ!»

«ጋሼ፣ ዝናብ በሌለበት ምን ያፈስሳል? የፈሰሰው የእርስዎ አፍ ነው፤ መናኸሪያ ከገቡ ጀምሮ መች ዘጉት?»

ልጁ እውነቱን ነው። ሰው በትንፋሹ ብቻ በቀን ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ያወጣል። 15 ሰው ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ሲተነፍስ አንድ ብርጭቆ ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ጤዛ የጠጣው በርኖስና ጋቢ ሳይቆጠር። የደብረ ብርሃን ከፍታ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ብረቱ ውርጭ አድሮበታል። የሞቀው አየር ብረቱን ሲነካ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ውሃ መያዝ ያቅተውና እዚያው ያራግፈዋል። ይህን ለአረቄ አገር ሰው ማስረዳት ነውር ነው! ድፍድፉ እኛ ነን፣ እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው ፍሬሙ ነው። የኛው ግን ወርዶ ማንንም አያሞቅም።

«የመስኮቱን ጎማ አትቀይሩትም?» አለ ደግሞ ሌላው፣ ነገር የገባው መስሎት።

«ጎማ የውጭውን ዝናብ ይከለክላል። የውስጡን ወሬ በምን ያስቁመው?»

መድኃኒቱ ገንዘብ አያስወጣም፦ ግራና ቀኝ ሁለት መስኮት ጣት ያህል ከፈት ማድረግ። የውጭው አየር ቢበርድም የያዘው ውሃ ጥቂት ነው፤ የኛን እርጥበት ይዞት ይወጣል። ጦርነቱም እዚህ ላይ ይጀመራል።

«ዝጋው! ብርድ ይመታኛል!»

«እትዬ፣ ጋቢ በበርኖስ ደርበው ብርዱ በየት ገብቶ ነው የሚመታዎ?»

«በአንተ አፍ!»

ረዳቱ ተረታ፤ መስኮቱ ተዘጋ። በ2012 ኮሮና ሲገባ «መስኮት ክፈቱ» ተብሎ አገር ተለምኖ ነበር፤ ያኔም የእትዬ ወገን እጅ አልሰጠም። ውሃው ግን ቂመኛ ነው። መስኮቱ የሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ ይተኛል፣ ብረቱን ያዝገዋል፣ ጎማው ሥር ሻጋታ ያበቅላል። ኋላ እትዬ ራሳቸው ሞቋቸው ልክፈት ቢሉ፣ መስኮቱ ወይ ፍንክች!

እኔን የሚያሳዝነኝ ሹፌሩ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው በሰየሙት ከተማ፣ ይህ ምስኪን ፊት ለፊቱን አያይም፤ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ።

«ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ ብትለቀውስ?»

«ተበላሽቷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«መኪናው ሳይገዛ።»

አንኮበር ስንቃረብ ጋሼ እንደገና ጮኹ፦ «ኧረ ጥረገው! ምንም አይታይም!»

«ጠርጌዋለሁ ጋሼ። ይሄኛው ያገሩ ጉም ነው። ማን እንደተነፈሰው መስኮት ከፍተው ይጠይቁት።»