የአበልጅነት ጣጣ

ክርስትና አንሣልኝ ሲሉህ ክብር ነው። ነጠላህን አጣፍተህ ሕፃኑን በ40 ቀኑ ታቅፈህ ትቆማለህ። ቄሱ ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን ያስክዱሃል፤ ወደ ምሥራቅ መልሰው እምነትህን ያስመሰክሩሃል። ልጁ አፍ ስላልፈታ አፉ አንተ ነህ። ከዚያ ጠላው አለ፣ ዶሮው አለ፣ “አበልጄ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ” አለ። ልጁ ግን ውሎ አድሮ አፍ ይፈታል፤ ጣጣው የሚጀምረው ያኔ ነው።

የእኔው አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። ባጠፋ ቁጥር እናቱ “የክርስትና አባትህን አይተህ አትማርም?” ትለዋለች። ታዛዥ ልጅ ነውና ያየኛል። አስተያየቱን ግን ኦዲተርም አይችለውም።

ባለፈው ፍልሰታ ከቅዳሴ መልስ ካፌ ይዤው ገባሁ። ለእሱ የጾም ኬክ፣ ለእኔ የጾም ማኪያቶ አዘዝኩ። ማኪያቶው ሲመጣ አረፋውን ትክ ብሎ አየና፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ “አባባ፣ ጾም ገደፍክ እንዴ?” አለኝ። ነጠላ የለበሰ ሁሉ ዞረ። “የአኩሪ አተር ወተት ነው” አልኩ፤ የማየው ግን እሱን ሳይሆን ቤቱን ነበር። አንዲት እናት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አምነውኝ ይሁን አዝነውልኝ እስካሁን አልለየሁም። አስተናጋጇን ለምስክርነት እንዳልጠራ፣ ምስክር የሚጠራ ሰው ይበልጥ ያስጠረጥራል።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ሰዎች መልካም ሥራችሁን አይተው የሰማይ አባታችሁን ያክብሩ አለ። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ስትጾሙ ፊታችሁን ታጠቡ፣ መጾማችሁ ለሰው አይታወቅ አለ። አንዱ ማቴዎስ ምዕራፍ 5፣ ሌላው ምዕራፍ 6 ላይ ነው፤ ጎረቤታሞች ናቸው። ሊቃውንቱ ያስታርቋቸዋል፤ ቁም ነገሩ ለማን ብለህ ሠራኸው ነው። ይህ ገብቶኛል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ልብ አያይም፤ የሚያየው እጅና እግር ነው።

ስቅለት ዕለት ከጎኔ አቁሜው ስንሰግድ ዋልን። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከመሬት ስነሣ “እህህ” ብዬ ወገቤን ያዝ አደርጋለሁ። እሱም ግንባሩን መሬት ያስነካል፣ ብድግ ይላል፣ ወገቡን ይይዛል፣ “እህህ” ይላል። የጸሎቱ ክፍል መስሎታል! አሁንማ ማታ ማታ አቡነ ዘበሰማያትን ሲጨርስ “አሜን” ይልና “እህህ” ያስከትላል አሉ።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደግሞ በሩን ሦስት ጊዜ ይሳለምና ወዲያው የሱሪውን ኪስ ዳበስ ያደርጋል። ከማስቲካ ወረቀት በቀር ኪሱ ውስጥ ምንም የለም። በበዓል ግፊያ ስልኩን እንዳይመነትፉት የሚሰጋው ሌላ ሰው ነው።

ውዳሴ ማርያምን የሰኞውን ላስጠናው ስታገል ከረምኩ፤ ሁለት መስመር አልያዘልኝም። ያላስተማርኩትን ግን አንድም አልጣለ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እኔን ምሰሉ ብሎ መጻፉ ድሮ ድፍረቱ ይገርመኝ ነበር። አሁን ሳስበው ደብዳቤውን የጻፈው ኤፌሶን ሆኖ ነው። በመሃል ባሕር አለ! ባሕር ተሻግሮ አርአያ መሆንማ እኔም አያቅተኝም። ጳውሎስ በእስራትም በግርፋትም ተፈትኗል፤ “ጾም ገደፍክ እንዴ?” የሚል የክርስትና ልጅ ይዞ ካፌ መግባቱ ግን የትም አልተጻፈም።

በቀደም አበልጄ ደወለች።

“ልጁ ወገቡን ያመዋል መሰለኝ፤ ሐኪም ቤት ወስጄው ምንም የለበትም አሉኝ። እርስዎ ጋ ሲሆን አይተውበት ያውቃሉ?”

“ዕድገት ይሆናል” አልኳት።

ዋናው ጉዳይዋ ግን ሌላ ነበር። አዲሷ ሕፃን 80 ቀኗ እየደረሰ ነውና ባለቤቴ ክርስትና እንድታነሣላት ለመጠየቅ ነው። ባለቤቴ ደስ ብሏት እሺ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ ስትወጣ “እህህ” ማለት ትታለች።