ሙያህን የምታባክንበት መንገድ፦ ለጅዳና ለመካ የቧንቧ ሠራተኛ

በጅዳና በመካ በቧንቧ ሥራ የሚተዳደር ወገኔ ሙያውን ማባከን ቢፈልግ መንገዱ ሩቅ አይደለም። መጀመሪያ ጎራ ለይ። ወይ «ቧንቧ የሚጠግነው እጅ እንጂ ወረቀት አይደለም» ብለህ ከሰርተፊኬት ጋር ተጣላ፤ አለዚያም ሰርተፊኬትህን ይዘህ በሥራ ላይ ያደገውን ሰው ናቅ። በሁለቱም በኩል ከኪሳራ ትደርሳለህ። ከዚህ በታች የማበላሻውን ምክር የማስቀምጠው ማንም እንዲከተለው አይደለም፤ ብዙ ጎበዝ ባለሙያ ሳይታወቀው እየተከተለው ስለሆነ፣ ይህም ስለሚያንገበግበኝ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው። ልምድ ሰውን የሚያስተምረው ስህተቱ ወደ ራሱ ተመልሶ ሲመጣበት ነው። በቧንቧ ሥራ ግን ከባድ ከባዱ ስህተት የሚመለሰው በሌላ ሰው ላይ ነው፤ በተከራዩ፣ በሐጃጁ፣ ከዓመታት በኋላ ግድግዳውን በሚያፈርሰው ሠራተኛ ላይ። ትምህርትና ፈተና የሚያስፈልገው ልምድ የማይደርስበት ይህ ቦታ ስላለ ነው።

ስለዚህ ሙያህ እንዲባክን ዓመትህን ብቻ ቁጠር። «ጅዳ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ» በል፤ በነዚያ ዓመታት ምን እንዳወቅህ ራስህን አትጠይቅ። የጅዳን የሥራ ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚጎዳ ይገባዋል። ሠራተኛው በስልክ ይጠራል ወይም ከፊል የሚባለው ስፖንሰሩ ይልከዋል፤ የሚያፈሰውን ያቆማል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በዓመቱ እዚያው ቤት የሚጠራው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የሚማረው ያኔውኑ ከሚታየው ስህተት ብቻ ነው። የፒፒአር ቧንቧ አበያየድን ቀረብ ብለን እንየው። ማሽኑ 260 ዲግሪ መጋል አለበት፤ 20 ሚሊሜትር ቧንቧ ለ5 ሰከንድ፣ 25ቱ ለ7፣ 32ቱ ለ8 ሰከንድ ይሞቅና ሳይጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ይገባል። የቸኮለ ሰው ሳያሞቀው ቢያገናኘው ወዲያው ያፈስበታል፤ ይህን ስህተት ሁለተኛ አይደግመውም። «ይጠንክርልኝ» ብሎ አሥራ አምስት ሰከንድ ያቆየው ግን ምንም አይታየውም። ከውጭ ያማረ ቀለበት ይወጣል፣ ውሃም አያፈስም፤ የቀለጠው ፕላስቲክ ግን ወደ ውስጥ ገብቶ የቧንቧውን ጉሮሮ አጥብቦታል። ሻወሩ ሲደክም የቤቱ ባለቤት የሚወቅሰው ዲናሞውን ነው፤ ዲናሞ ይቀይራል፣ ይከስራል። በያጁ እጅ ላይ ግን ምንም ነገር አልደረሰም፤ እንዲያውም አሠራሩ ትክክል እንደሆነ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «አረጋግጧል»። አንድ ዓመት አሥራ አምስት ጊዜ ሲደጋገም አሥራ አምስት ዓመት ልምድ አይሆንም።

ቀጥለህ የሚያንጠባጥብ ነገር ሁሉ ድፈን። ልምድ ዝም ከማለት አልፎ በቀጥታ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ዕድሜውን ሙሉ የሚታገለው ከጠብታ ጋር ስለሆነ ጠብታ ሲያይ እጁ ይፈጥናል። ጅዳ ሰኻን የሚሉት ቦይለር ላይ ያለው የደኅንነት ቫልቭ ግን እንዲያንጠባጥብ ሆኖ የተሠራ ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 0.9 ሊትር ገደማ ይሰፋል። በመግቢያው በኩል የማይመልስ ቫልቭ ካለ ያ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ሌላ ቀዳዳ የለም። ቫልቩን በታፖ ደፍኖ «አቆምኩልህ» የሚል ሰው ደንበኛውን አስደስቶ ይሄዳል፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ግን አደጋ ትቶ ነው የሄደው። ቴርሞስታቱም አንድ ቀን ከተበላሸ ውሃው በግፊት ታምቆ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሄዳል፤ ጋኑ ሲቀደድ የውሃው የተወሰነ ክፍል ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ እጥፍ በላይ ይሰፋል። ይህን ማንም በልምድ እንዲማረው አይፈለግም። ልምዱ የሚገኘው ሰው ከሞተ በኋላ ነውና። አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርት ግን ይበቃዋል።

ሦስተኛው የማበላሻ ዘዴ ለመካ የተለየ ነው፦ ሕንፃው ባዶ ሲሆን አርፏል ብለህ ተወው። በመካ ብዙ የሐጃጅ ማረፊያ ሕንፃ ከዓመቱ ጥቂት ሳምንት ጢም ብሎ ይሞላል፣ ቀሪውን ጊዜ ዝግ ወይም ከፊል ባዶ ሆኖ ይከርማል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ሐጅ ያደረጉት ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ለወራት ማንም ባልተጠቀመበት መታጠቢያ ቤት የወለሉ ፍሳሽ መውረጃ ሲፎን ውስጥ ያለው ውሃ በዚያ ሙቀት ይተናል። ያ ውሃ ጥልቀቱ 50 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በሰውና በፍሳሽ መስመር መካከል ያለው ግድግዳም እሱ ብቻ ነው። ሲፎን ሲደርቅ የሚያስከትለውን የሆንግ ኮንግ ነዋሪ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 አሞይ ጋርደንስ በተባለው የመኖሪያ ሕንፃ ስብስብ ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ በሽታ ከ300 በላይ ሰው ያዘ፤ መርማሪዎቹ ከጠቆሟቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ በደረቁ የወለል ሲፎኖች በኩል፣ የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ እየሳበው የገባው የተበከለ አየር ነበር። ንጹሑ ውሃም ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ ሲከርም ሰላም አይደለም። ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚመቸው ለብ ያለ፣ የቆመ ውሃ ነው፤ የጅዳና የመካ የጣሪያ ታንከር በበጋ ደግሞ ሳይፈልጉት ለብ ይላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላዴልፊያ ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ላይ የነበሩ የቀድሞ ወታደሮችን ስለገደለ ነው። ከሐጅ በፊት መስመሩን በሙሉ ከፍቶ ማጠብ፣ ሲፎኖቹን ውሃ መሙላት፣ የቦይለሩን ሙቀት ከ60 ዲግሪ በላይ ማድረስ ለአንድ ሠራተኛ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ሐጃጁ ግን የሚታመመው አገሩ ከገባ በኋላ ሊሆን ስለሚችል ወሬው ከመካው ቧንቧ ሠራተኛ ጆሮ አይደርስም። ልምድ ብቻውን እንዴት ያስተምረው?

እዚህ ድረስ የተከተለኝ ሰርተፊኬት ያለው ወጣት ደስ ብሎት ይሆናል፤ ለሱም የማበላሻ ምክር አለኝ። ፈተናውን ባለፍክበት ወርክሾፕ ሁሉም ነገር እንደሚያልቅ እመን። እዚያ ቧንቧው አዲስ ነው፣ ግድግዳው ክፍት ነው፣ ውሃው ተዘግቷል። ጅዳ ግን ከባሕር ጠርዝ ላይ ያለች፣ የከርሰ ምድር ውሃዋ ጨዋማ ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣ ከተማ ናት፤ በአሮጌ ሕንፃዎቿ ግድግዳና ወለል ውስጥ ያለው የብረት ቧንቧ ከውጭም ከውስጥም ተበልቷል። የአንዱን ሩቢኔቶ ማያያዣ በቁልፍ ስታጠብቅ ከግድግዳው ውስጥ ሦስተኛው ጎሚቶ ሊሰበር ይችላል። ምን ያህል ኃይል እንደሚችል፣ መቼ ማቆም እንዳለብህ የሚነግርህ የእጅ አንጓህ ነው። ዝገቱ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማውን ድምፅ፣ ካናፓ ስንት ዙር እንደሚበቃው፣ የሕንፃው ዋና መዝጊያ ተደብቆ የት ሊሆን እንደሚችል የሚያውቀው ብዙ ግድግዳ የከፈተ ሰው ነው። ይህን ዕውቀት የሚተካ መጽሐፍ የለም፤ ይህን የናቀ ባለሰርተፊኬት የሰው ቤት አጥለቅልቆ ነው የሚማረው። ልዩነቱን ግን እዩት፦ የሱ ስህተት ወዲያውኑ ስለሚታይበት ይማራል። ልምዱ በዚህ በኩል ታላቅ አስተማሪ ነው፤ ስህተቱ በሚጮህበት በኩል።

«የጥንቶቹ ምን ወረቀት ነበራቸው?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፣ ተገቢም ነው። ከአሥራ ሁለት ክፍለ ዘመን በፊት የኸሊፋው የሃሩን አልረሺድ ሚስት ዙበይዳ ያሠራችው የውሃ ቦይ ከተራራ ወደ መካ ውሃ እያወረደ እየተጠገነ ከሺህ ዓመት በላይ አገልግሏል። ቦዩን የሠሩት ሰዎች ዲፕሎማ አልነበራቸውም። ነገር ግን የቀድሞ ባለሙያ ብቻውን አልነበረም። በቀድሞ ዘመን በሒጃዝ ከተሞች የእጅ ሙያዎች ሼክ የሚባል የየራሳቸው አለቃ ነበራቸው፤ አዲስ ገቢው ሙዐሊም ከሚባለው ዋና ባለሙያ አጠገብ ለዓመታት ቆሞ፣ እየታየና እየታረመ ነው ባለሙያ የሚባለው። ያ ራሱ ፈተና ነው። ስህተቱ ወደ ተማሪው ባይመለስም ሙዐሊሙ ያየዋል። ዛሬ የጎደለው፣ ወረቀት ከመምጣቱ በፊት የነበረው ይህ ዓይን ነው፤ ለብቻው ሻንጣውን ይዞ ከቤት ቤት የሚዞር ስደተኛ ሥራውን የሚያይለት የለም። ፈተና ለዚህ ሰው ቢዘገይም ያ የጠፋ ዓይን ነው።

አሁን ወደ ኑሮው ጉዳይ ልምጣ፤ ሙያው የሚባክንበት ዋናው በር እሱ ነውና። በመኖሪያ ፈቃድህ፣ በኢቃማህ ላይ «ዓሚል» (ተራ ሠራተኛ) ተብሎ ተጽፎ እያለ ቧንቧ ሥራ፤ ማንም አይጠይቀኝም በል። የሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 38 በሥራ ፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ውጭ በሌላ ሙያ መሥራትን ይከለክላል፣ አንቀጽ 39 ደግሞ ከአሠሪህ ውጭ ለሌላ መሥራትን። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሰው ሀብት ሚኒስቴሩ የሙያ ማረጋገጫ ፈተና ዘርግቷል፤ በጽሑፍና በተግባር የሚሰጥ ሲሆን ቧንቧና ኤሌክትሪክ ቀድመው ከገቡት ሙያዎች መካከል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የውጭ ሠራተኞች የሥራ ፈቃድ በከፍተኛ ክህሎት፣ በባለሙያና በመሠረታዊ ደረጃ እንዲከፋፈል ተደርጓል። ስለዚህ አሥራ አምስት ዓመት ቧንቧ የሠራ ሰው በመዝገቡ ላይ ተራ ሠራተኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ደመወዝ ሲደራደርም፣ ከፊል ሲቀይርም የሚናገርለት እጁ ሳይሆን ያ ቃል ነው። ፈተናውን እንደ ስድብ የሚቆጥር ወንድም አለ፤ «እኔን ማን ይፈትነኛል?» የሚል። እጁ ደህና ከሆነ የተግባሩ ፈተና ከሁሉ በላይ ለሱ የተመቸ ነው። የሚቸግረው የጽሑፉ ነው፤ እሱም ቁጭ ብለው ካጠኑት የሚገፋ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «ኢቃማ የሌለው ምን ያድርግ?» የሚለው ነው። በባሕር ተሻግሮ የመን አቋርጦ የገባ፣ ወይም ከከፊሉ የወጣ ሰው የሳዑዲ ፈተና በር ተዘግቶበታል፤ ፈተና ግባ ብሎ መምከር ለሱ ባዶ ቃል ነው። ለሱ ያለኝ ሐቀኛ መልስ አንድ ቀን አገር ቤት ሊገባ እንደሚችል ማስታወስ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 በሳዑዲ በጀመረው የስደተኞች አፈሳ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከነሱ መካከል ግንበኛ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ መካኒክ ነበረ፤ ሻንጣ እንኳ ያልያዘው ሰው ዕውቀቱን ግን ይዞት ነው የገባው። በአገራችን ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና ሙያውን በትምህርት ቤትም ሆነ በሥራ ላይ ያገኘው ሰው ተመዝኖ እንዲያረጋግጥ ታስቦ የተዘረጋ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጋችን ራሱ ለሚሄድ ሠራተኛ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል። እንግዲያው ለሚሄደው የሚጠየቀው ለሚመለሰውም በቀላሉ ሊሰጠው ይገባል፤ ቦሌ ሲደርስ ስሙ ሲመዘገብ ሙያውም ተመዝግቦ ወደ ምዘና ማዕከል ቢመራ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የማይቻል ነገር አይደለም። «ሲኦሲ በገንዘብ ይገዛል» የሚለውን ሰምቻለሁ፣ ሐሰተኛ ማስረጃም በአገራችን እውነተኛ ችግር ነው። መድኃኒቱ ግን ምዘናውን መተው አይደለም። ቧንቧውን በመዛኙ ፊት አስቆርጦ፣ አስበይዶ፣ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ግፊት አስገብቶ ማስፈተሽ ነው። ማኖሜትር ጉቦ አይቀበልም፤ መርፌው ከወረደ ወረደ ነው።

የመጨረሻው የማበላሻ ምክር፦ ሥራህን አትመዝግብ፣ ዕቃ ተሸካሚህንም ምንም አታስተምር። ልጁ «ለምን?» ሲል «ዝም ብለህ ያዝ» በለው። እንዲህ ካደረግህ የምታውቀው ካንተ ጋር ይቀራል፣ ያንተን ስህተት የሚያይልህም አይኖርም፤ የሚጠይቅ ረዳት ከሙዐሊም ቀጥሎ ያለ ዓይን ነውና። ይህን ላለማድረግ የሚያስፈልገው ስልክህ ብቻ ነው። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መስመሩን ሜትር አጠገቡ አድርገህ ፎቶ አንሳ። ቀኑን፣ የቧንቧውን ዓይነትና ስፋት፣ የፍሳሹን ተዳፋት፣ ስንት ባር ግፊት አስገብተህ ስንት ሰዓት እንዳቆየኸው ጻፍ፤ የሰው ስምና አድራሻ አያስፈልግም። ያንኑ ቤት የማየት ዕድል ባገኘህ ጊዜ ምን እንደሆነ ከሥሩ ጨምርበት። አዲስ አበባም ሆነ ጅዳ ምዘና ስትቀርብ፣ መዛኙ «ይህን ሠርተህ ታውቃለህ?» ሲል የምታሳየው እሱን ነው፤ ረዳትህም የራሱን እንዲይዝ ከመጀመሪያው ሳምንት አስጀምረው።