የጅቡ ትርክት

በአንድ ዱር ውስጥ የሚነገረው ታሪክ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የአያ አንበሶ። ወንዙን ያስቆፈረው የአንበሳ አያት፣ ዱሩን ከጨለማ ያወጣው የአንበሳ አባት፣ ነገ ሁሉንም ጥጋብ ላይ የሚያደርሰው ደግሞ አንበሳ ራሱ። አህያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሟ የሚነሣው ጭነት ሲኖር ነው።

እንኮዬ ጦጢት ባሕር ማዶ ተምራ ስትመጣ ግን ነገር ተለወጠ። ዛፍ ላይ ወጣችና «ይህ የአንበሳ ጉልበት ነው እንጂ እውነት አይደለም። ማን አወራው? ማንን ጠቀመ? ብላችሁ ጠይቁ። ከእንግዲህ ታላቅ ትርክት የለም፤ ሁሉም በየጉድጓዱ የየራሱን ያውራ!» አለች። ትምህርቷን የቀዳችው ከፓሪስ ሊቃውንት ነው። ከእነሱ አንዱ ዣን ፍራንሷ ሊዮታር እ.ኤ.አ. በ1979 ለኩቤክ ዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት ባዘጋጀው ጥናት፣ ድኅረ ዘመናዊነትን በታላላቅ ትርክቶች አለማመን ሲል ተርጉሞት ነበር።

የጦጢት ስብከት በጎ ሥራ ሠርቷል፤ ይህን የሚክዱ ተቺዎቿን አልቀበልም። እመት አህይት ለመጀመሪያ ጊዜ ሸንጎ ቆመች። የጀርባዋን ቁስል አሳይታ፣ ወንዙ ሲቆፈር አፈሩን የተሸከመው ማን እንደ ነበር ተናገረች። አንበሳ ጭራውን ከመወዝወዝ በቀር መልስ አጣ።

አንድ ማለዳ የአህይት ውርንጭላ ጠፋ። አህይት ከጅብ ጉድጓድ ደጃፍ ያገኘችውን ሰኮና አምጥታ ሸንጎው ፊት አኖረች። ትንሽ ናት፤ ድንጋይ ገና ያልሸረፋት፣ ጠርዟ ላይ ደም የደረቀባት። አያ ጅቦ አፉን ጠርጎ ተነሣ።

«‹በላው› የሚለው የእመት አህይት ትርክት ነው፤ አከብረዋለሁ። በጅቦች ባህል ግን ነገሩ እንግዳ መቀበል ይባላል። የእኔን ማንነት በአህያ ቋንቋ የምትዳኙት በምን መብታችሁ ነው?»

ጦጢት ራሷን አከከች። ቃሉ የራሷ ነበርና።

ጃርት ይህ ቢያንገበግበው በማግስቱ ሸንጎ ወጥቶ «ጨረቃ የምትወጣው ስለተስማማን ነው» የሚል ንግግር በከባድ ከባድ ቃላት አስጊጦ አሰማ። ጭብጨባው ሲያበቃ «ያወራሁት ቅዠት ነበር» አላቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ አለን ሶካልም እ.ኤ.አ. በ1996 ያደረገው ይህንኑ ነው፦ የኳንተም ስበት የማኅበረሰብና የቋንቋ ፈጠራ ነው የሚል የፌዝ ጽሑፍ «ሶሻል ቴክስት» በተባለ መጽሔት አሳተመ። በእርግጥ አንድ መጽሔት ስለተሸወደ አስተሳሰቡ ሁሉ ገደል አይገባም። ጃርትም ቢሆን ዱሩን አሳቀ እንጂ የውርንጭላውን ጉዳይ አንድ ስንዝር አላራመደም።

ኤሊ ዘግይቶ ደረሰ። «አንበሳ የዋሸው ሁላችንን የሚያግባባ እውነት ስለሌለ አይደለም፤ አህያን ስላልጠየቀ ነው። የተጀመረው ሥራ ገና አላለቀም» አለ። ጀርመናዊው ዩርገን ሀበርማስ እ.ኤ.አ. በ1980 የአዶርኖን ሽልማት ሲቀበል ስለ ዘመናዊነት የተናገረውም ወደዚሁ ይቀርባል። ኤሊ ግን ንግግሩ ስለሚረዝም ግማሹ ሸንጎ አንቀላፋ።

አህይት ብቻ ነቅታ ነበር። «አንበሳ ዋሸ ስል ያመናችሁኝ ቁስሌን በዓይናችሁ ስላያችሁ ነው። ይህችንም ሰኮና እዩልኝ» አለች።

ሸንጎው ሁለቱም ትርክቶች በእኩል እንዲመዘገቡ አዝዞ ረጅም ቀጠሮ ሰጠ። ጅቡም በዋስ ተለቀቀ፤ ዋሱ ሌላ ጅብ ነው።