ፋሲካ የማይወዱ ጓደኞቼ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ባለፈው በስልክ «ደህና ጓደኛ ይዘሃል ወይ?» ስትዪኝ መስመሩ ተቋረጠብን። አዎ፣ ይዣለሁ። ሦስት ናቸው፤ አይጠጡም፣ አያጨሱም፣ ብር አበድረን አይሉም። ሦስቱም ውሾች ናቸው።

ቆይ፣ አታማትቢ። እዚህ ኢስታንቡል የምሠራበት ልብስ ስፌት ከአንድ ሕንፃ ሥር ነው። ገና የስፌት መኪና ላይ አላስቀመጡኝም፤ ክር እቆርጣለሁ፣ የተሰፋውን እየተሸከምኩ አመላልሳለሁ። ውሾቹ በራችን ላይ ይውላሉ። እንደኛ አገር ውሻ ሰው ጎንበስ ባለ ቁጥር «ድንጋይ መጣ» ብለው አይፈረጥጡም፤ መንገዱ መሃል ተዘርግተው ሰው ነው የሚዞርላቸው። ጆሯቸው ላይ ቁጥር ያለው ፕላስቲክ ተሰክቷል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ማዘጋጃ ቤቱ ውሻውን ይወስድ፣ ያመክነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋው፣ ምልክት ያደርግበትና ካነሣበት ሰፈር ይመልሰው ነበር። እንግዲህ በዚያ በር ላይ ወረቀት የጎደለው እኔ ብቻ ነኝ።

ያወዳጀን ጾሙ ነው። ምሳ በትሪ ይመጣልናል፤ ሩዝ፣ ሾርባና ኮፍተ የሚሉት የተጠበሰ የሥጋ ድብልብል። ረቡዕና ዓርብ ሥጋውን ምን ላድርገው? አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሰኞና ማክሰኞ ቀና ብለው የማያዩኝ ጌቶች፣ ረቡዕ ልክ በምሳ ሰዓት ደረጃው አፍ ላይ ተደርድረው ይጠብቁኛል። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ነው የሚመስሉት።

ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሠርግ ነው ብለው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ረመዳን አብሮ ገጠመና ሠራተኛው ሲጾም ትሪውም ቀረ፤ ምስኪኖቹ የሁለት ሃይማኖት ጾም ባንዴ ጾሙ። ረመዳን ሲፈታ ግን እስከ ፋሲካ ካሱት፤ ጎናቸው ሞላ። በፋሲካ ማግስት ትሪዬን ጠራርጌ ባዶ እጄን ስወጣ ትልቁ መጥቶ እጄን አሸተተ፣ አየኝ፣ ፊቱን አዞረ። በዓለ ሃምሳ ነውና ረቡዕና ዓርብም የለም! ሃምሳ ቀን ሙሉ አኮረፉኝ።

ይሄን ትልቁን ደሞዝ ብዬዋለሁ፤ ሲጠብቁት አይመጣም፣ ሲመጣም አይቆይም። አለቃችን ትርጉሙን ሳያውቅ ስሙን ለመደውና ጠዋት በር ላይ ቆሞ «ደሞዝ! ደሞዝ!» ሲል፣ እኛ ሐበሾቹ በሙሉ ከሥራችን ቀና እንላለን።

ከመስጊድ ሲመለሱ በዚህ የሚያልፉ አንድ አዛውንት አሉ። ውሾቹ እንዳይነኳቸው ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ነው የሚያልፉት፤ የእርጎ ባልዲ ውሃ ሞልተው የሚያስቀምጡላቸውም እሳቸው ናቸው። ድሮ ሰላምታዬን የማይመልሱት ሰውዬ ዛሬ «የውሾቹ ጓደኛ» ብለው ሻይ ይጋብዙኛል።

ሁሉም ሰው ግን አይወዳቸውም። በመንጋ ሆነው ሰው የሚነክሱ አሉና፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ፓርላማው ሕጉን ቀየረው፤ አሁን ተለቅመው መጠለያ ይግቡ ተብሏል። ይህች ከተማ ደግሞ ለውሻ ክፉ ትዝታ አላት። አፄ ምኒልክ ታመው በተኙበት በ1902 ዓ.ም. ውሾቿን በሺዎች ጭና ውሃ የሌለባት ደሴት ላይ አራግፋቸው፣ በረሃብና በጥም አልቀዋል። ስለዚህ መኪና ወደ መንገዳችን በታጠፈ ቁጥር አራታችንም ጆሯችንን እንቀስራለን፤ እነሱ የማዘጋጃ ቤት እንዳይሆን፣ እኔ የፖሊስ እንዳይሆን። ደሞዝ ከኔ ቀድሞ ይሰማል። እሱ ከተነሣ እኔም ምክንያት ሳልጠይቅ እነሣለሁ። እንዲህ ያለ ጓደኛ አዲስ አበባም አልነበረኝም።

ለአባዬና ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የጣሪያውን ቆርቆሮ ብር እየጠበቃችሁ እንደሆነ አልዘነጋሁም፤ ሲከፍሉን እልካለሁ። ብቻ «ደሞዝ መጣ» ብዬ የጻፍኩልሽ ቀን፣ እልል ከማለትሽ በፊት በስንት እግሩ እንደመጣ ጠይቂኝ።

ልጅሽ፣
ከኢስታንቡል