የአባት ቆዳ

ቦኬ ውስጥ አንድ በሬ ነበር። ማሳውን ያቀናው አያቱ ነው፤ ጫካውን መንጥሮ፣ ድንጋዩን ለቅሞ። በአባቱ ጊዜ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ይቆም ነበር። አባትየው አርጅቶ ሲሞት ሥጋውን አያ ጅቦ በላ፣ ቆዳውን ጦጢት ወሰደች። ጦጣ የበሬ ቆዳ ምን ያደርግላታል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ጦርነት ሆነና ንጉሡ አንበሳ አሸነፈ። ለዘመቱለት ጅቦች የሚከፍለው ጥሬ ብር አልነበረውም፤ መሬት ግን ነበረው፣ ያውም የሰው። ጦጢት ያን ቆዳ ተልትላ፣ ገምዳ፣ የመሬት መለኪያ ቀላድ አድርጋው ብቅ አለች። በሬው ሲያሸተው አባቱን አባቱን አለው። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከጠፍሩ አንዱ ላይ ቀንበር የላጠው ጠባሳ እንዳለ ነበር።

«አንድ ጋሻ!» አለች ጦጢት፤ ወደ 40 ሄክታር መሆኑ ነው። «ይህ የአያ ጅቦ። አንተ ደግሞ ጭሰኛው።»

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ከአዝመራው እኩሌታው ለጅቡ፣ በዓል ሲመጣ እጅ መንሻ፣ የጅቡ አጥር ሲፈርስ ጉልበት። በሬው አሰበ ተፈሪ ወጥቶ ደጅ ጠና። በር ላይ የቆሙት ውሾች «ነገ ና» አሉት፤ በነጋታውም ያንኑ አሉት። እሱ ደጅ ሲጠና በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣ፤ ባለመሬት ከምርቱ ከአራት እጅ ከሦስቱ በላይ እንዳይወስድ ተከለከለ። እኩሌታ ሲበላ የኖረው ጅብ ሕጉን አስነብቦ እንባው መጣ። «ለካ ስራራለት ነው የኖርኩት!»

በሬው «እንግዲያስ ሕግ የሚወጣበት ቤት እኔም ልግባ» አለ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ እንደራሴ የሚሆን ሰው በሚመረጥበት ቦታ ንብረት እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። ጦጢት መጽሐፉን ገለጠች።

«ንብረት አለህ?»

«ማሳ አለኝ።»

«ማሳው የአያ ጅቦ ነው።»

«ማን አለ?»

«ቀላዱ።»

«ቀላዱስ የማን ነው?»

ጦጢት መጽሐፉን ዘጋች።

ያን ሰሞን ከሰሜን አገር ብርድ ሸሽታ የመጣች ወፍ ቀንዱ ላይ አርፋ ነበር። «አይዞህ ወንድሜ፤ የእንግሊዝን አገር ቅድመ አያቶቼ አይተውታል» አለችው። በእነሱ አቆጣጠር በ1815 ፓርላማውን የሞሉት ባለመሬቶች፣ የአገራቸው ስንዴ ዋጋ ኳርተር በሚባለው መስፈሪያ 80 ሽልንግ እስኪደርስ ድረስ የውጭ ስንዴ እንዳይገባ ከለከሉ። ዳቦ ተወደደ፤ የባለመሬቱ ጎተራ ግን ሞላ። ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው አልባ ጉብታ ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር፤ ጨርቅ የሚመረትባት ማንቸስተር አንድም አልነበራትም። በ1819 ሕዝቡ ሚስት ልጁን ይዞ ማንቸስተር ሜዳ ወጥቶ ድምፅ ቢጠይቅ ፈረሰኛ ሰይፍ መዝዞ ገባበት።

«ከዚያስ?»

«በ1832 በሩ ተከፈተ።»

«ለሁሉም?»

«ደህና ቤት ላለው።»

እኔ በሬውን ብሆን እንዲህ ያለውን ማጽናኛ በጅራቴ እመታው ነበር። እሱ ግን ጨዋ ነው፤ ዝም አለ።

በየካቲት 1957 ተማሪ ቤት የገቡት ወይፈኖች አዲስ አበባ፣ ፓርላማው ደጅ ድረስ ሄደው «መሬት ላራሹ!» አሉ። አብዛኞቹ ሞፈር ነክተው አያውቁም፤ ቢሆንም የጮኹት ለበሬው ነበር። የባለመሬትና የጭሰኛ ሕግ ረቂቅ ተጽፎ ፓርላማ ገባ። ጅቦቹ እንደ አጥንት እየተቀባበሉ ዓመታት አሳለፉበት፤ ሳይጸድቅ ቀረ። በምትኩ የብረት በሬ መጣ። አርሲ ውስጥ፣ ጭላሎ ላይ ትራክተር ሲገባ ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቀለ። ወሬው ቦኬ የደረሰ ቀን በሬው እኩሌታውን ሰፍሮ ለጅቡ ሲያስረክብ ምንም አላጉረመረመም።

አንበሳው በመስከረም 1967 ወረደ። ያወረዱት በሩን ሲጠብቁ የኖሩት ውሾች ናቸው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ታወጀ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ተፈቀደ። በሬው ገበያ መሃል ወጥቶ ጨፈረ። ደስታው የእውነት ነበር፤ ዛሬ ላይ ተቀምጦ ማናናቅ ቀላል ነው። ጅቡ በሌሊት ጠፋ። ጦጢት ግን የትም አልሄደችም፤ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ሆነች።

በሬው ዓመት ሁለት ዓመት አርሶ ማኅበሩ ቢሮ ሄደ። ግድግዳው ላይ ቀላዱ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አንድ ውሻ ተቀምጧል።

«ጓድ፣ ይህን ስጡኝ። የአባቴ ቆዳ ነው፤ ልቅበረው።»

«የሕዝብ ሀብት በግል አይወሰድም» አለ ውሻው። «ደግሞም የኮታ እህል የሚጭነው መኪና ሐሙስ ይመጣል፤ ጆንያውን የምናስርበት ሌላ ጠፍር የለንም። ያንተም ጆንያ አለበት።»